ከመናገሻ ወደ ሆለታ፦ የሚሸጠው ባለ ጥድ በረንዳ ቤት

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም በጥያቄ ተጀምሮ በመልስ የሚቀጥል ውይይት፣ አነበብኩ። ክሩን የከፈተው ሰው ከመናገሻ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚሸጥ የጥንት ቤት አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ቤቱን በዝርዝር ገልጾታል፦ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጭቃ ግድግዳ፣ ነጭ ኖራ፣ በሦስት ጎን የሚዞር በረንዳ፣ 14 የጥድ ምሰሶ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ስድስት ክፍል። ቦታው 1,800 ካሬ ሜትር ነው። ጓሮው ውስጥ አንድ ትልቅ ኮሶ፣ ሁለት ዝግባ፣ ኮክና ፕሪም፣ ጌሾ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተተከለ የቆየ ጽጌረዳ አለ። በስተሰሜን አጥሩን ተከትሎ ባሕር ዛፍ ተደርድሯል። ሻጮቹ የምኒልክ ዘመን ቤት ነው ይላሉ። ጥያቄው ሦስት ነው፦ የቤቱ ዕድሜ በምን ይታወቃል? ከመግዛት በፊት ምን ምኑ ይመርመር? ጭቃ ቤት ተጠግኖ ሌላ 50 ዓመት ይቆማል ወይ?

31 መልስ መጣለት። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ለአሮጌ ቤት ገዢ ሁሉ የሚጠቅሙ ስለሆኑ በክሩ ውስጥ ተቀብረው ከሚቀሩ እንደ አመጣጣቸው፣ በየመልሱ ቁጥር እየጠራሁ ባስቀምጣቸው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቁጥር 1 በትሕትና ጀመረ። ቤቱ ደስ እንደሚል ካደነቀ በኋላ ፎቶዎቹ የኅዳር ፎቶዎች መሆናቸውን አስተዋለ። በኅዳር ማንኛውም ጭቃ ቤት ደረቅና ያማረ ነው። ቤት ራሱን የሚያሳየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ገዢው እስከ ክረምት መጠበቅ ካልቻለ ክረምቱ ጥሎት የሄደውን ምልክት ይፈልግ፦ አቡጀዲው ላይ እንደ ሻይ እድፍ ዙሪያው የጠቆረ ቢጫ ክብ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት የተላላጠ ኖራ፣ የሻገተ የቁም ሣጥን ጀርባ። አንድ ጥግ ብቻ ለብቻው አዲስ ኖራ ከተቀባ ደግሞ ከቀለሙ ሥር የተሸፈነ ነገር አለ ማለት ነው።

ቁጥር 2 ቤቱን ተወት አድርጎ ወረቀቱን አስቀደመ። ቦታው በከተማ ክልል ውስጥ ነው ወይስ በገጠር ይዞታ? የገጠር መሬት አይሸጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ስለሆነ ደላላ የሚያሳየው የገጠር ይዞታ ደብተር ለሽያጭ አያበቃም። በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት አደረጃጀታቸው ስለተለዋወጠ፣ ቀበሌው ዛሬ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ የይዞታው ማኅደር ካለበት ቢሮ እንጂ ከሻጩ አፍ መሰማት የለበትም። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ከሆነም ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ተተርጉሞ ይነበብ።

ቁጥር 3 የአናጺነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ሙያውን አልተናገረም፤ አጻጻፉ ግን ያሳብቅበታል። ካቻቢቴ ይዞ መሄድ ብቻ እንደሚበቃ ጻፈ። ከእያንዳንዱ የበረንዳ ምሰሶ እግር፣ ከድንጋዩ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ጫፉን አስደግፎ በእጅ ኃይል መግፋት ነው። ጤነኛ ጥድ ካቻቢቴውን አያስገባም፤ ጫር ቢደረግ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፣ ይሸታል። አንድ ሳንቲ ሜትር በቀላሉ ከገባ እግሩ በስብሷል። ከዚያ ደረት ላይ ከፍ ብሎ መሞከር፤ እዚያ ጠንካራ ከሆነ የሚለወጠው እግሩ ብቻ ነው፣ ምሰሶው ይድናል። ዝናብ ከሚመታው ጎን ይጀመር፤ የተደበቀውም ይታይ፣ ማለትም የማዕዘን ምሰሶና ከበሩ ጀርባ ያለው። በድንጋዩ መሠረት ላይ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር ወደ ላይ ወጥቶ ከታየ የምስጥ መንገድ ነው።

ቁጥር 4 የዕድሜውን ጉዳይ አነሳና ቁጥር 5 ረዘም አድርጎ መለሰ። መንገዱ ራሱ የታሪክ መንገድ መሆኑን አስታወሰ። ምኒልክ የማገዶ እንጨት እየጠፋ ሲያስቸግር ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1890ዎቹ እዚያ ማሠራት ጀምረው ነበር፤ የአዲስ ዓለም መንገድም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በኋላ ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ አዲስ አበባ ባለችበት ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ በዚህ መንገድ ዳር የዚያ ዘመን ቤት መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ሊኖር ይችላል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም፤ ማስረጃው ከእንጨቱ ላይ ይነበባል። ጣራ ሥር ወጥቶ ክዳኑን የሚሸከሙትን ወራጆች ጎን በባትሪ ብርሃን በአግድም ማየት ነው። በመጥረቢያ የተጠረበ እንጨት ላይ ጥልቀታቸው የማይተካከል ጠፍጣፋ ምቶች ይታያሉ። በሰው እጅ የተሰነጠቀ ጣውላ ቀጥ ያለና ወጣ ገባ የመጋዝ መስመር አለው። ቅስት ቅስት ሆኖ የሚደጋገም ምልክት ካለ በማሽን ክብ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ቋሚዎች ጥድ ናቸው ወይስ ባሕር ዛፍ? ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተዋቀረ ግድግዳ ዛፉ ተተክሎ፣ አድጎና ረክሶ ከተገኘበት ጊዜ ወዲህ የተሠራ ነው።

ቁጥር 6 ጠንከር አለ። አሮጌ ቤት የሚሸጥ ሁሉ ምኒልክን እንደሚጠራ፣ አንዳንዱም የአርመናዊውን መሐንዲስ የሙሴ ሚናስን ስም ጨምሮ ዋጋ እንደሚያስወድድ ጻፈ። ሰነድ እስካልቀረበ ድረስ ለስም አንድ ብር መጨመር ሞኝነት መሆኑን፣ የተፈለፈለ የበረንዳ ጣውላም ከምኒልክ በኋላ ለብዙ ዓመታት መሠራቱን አስረገጠ። ትክክል ነው። ግን የቁጥር 5ን መልስ ተረት ብሎ መጥራቱ አላስፈላጊ ነበር፤ ቁጥር 5 ሰነድ አያስፈልግም አላለም።

ቁጥር 7 ላይ ጠያቂው ተመልሶ አመሰገነና ወሳኝ ነገር ጨመረ፦ የኋላው ግድግዳ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ሲንኳኳ በአንዳንድ ቦታ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል።

ክሩ የሞቀው ከዚህ በኋላ ነው። ቁጥር 8 ይህ ችግር ሳይሆን በረከት መሆኑን ተከራከረ፦ የዶሮ ሽቦ በሚስማር መትቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት በየዓመቱ ከመመረግ ይገላግላል፣ ንጹሕ ነው፣ አይጥ አይሰረስረውም፤ ሌሎቹንም ግድግዳዎች እንዲሁ ማስለሰን ነው።

ቁጥር 9 የጻፉት ሌሎቹ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው ግንበኛ ናቸው፤ የክሩ ልብ የእሳቸው መልስ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃውንም መልሶ ይተነፍሳል። ኖራ ቀለም ይህን አይከለክለውም። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። ጭቃውና ሲሚንቶው በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይሰፉና ስለማይጠቡ ልስኑ በመጀመሪያው ክረምት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከመሬትም ይሳባል፣ መውጫ ግን የለውም፤ ወርዶ ወርዶ ቋሚዎቹ እግር ሥር ይጠራቀማል። ከውጭ ምንም አይታይም። ከአሥር ዓመት በኋላ ጭቃው ረግፎ ከሲሚንቶው ጀርባ ወርዷል፣ ሽቦው ዝጓል፣ ቋሚው እግር አልባ ሆኗል፤ ቤቱን የያዘው ልስኑ ብቻ ነው። ባዶ በርሜል የሚመስለው ድምፅ ይህ ነው። መድኃኒቱ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን መናድ አይደለም፤ ደካማው ግድግዳ ድንገት ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ከታች 50 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ልስን በመስመር ቆርጦ ማንሳት፣ አንድ በጋ ሙሉ ማድረቅ፣ የበሰበሱትን እግሮች አንድ በአንድ መለወጥ፣ ከዚያ ወደ ላይ መሄድ ነው።

ከዚያ ያልተጠየቁትን ጨመሩ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ጽጌረዳው ግድግዳውን ተጠግቶ ከተተከለ ጥፋቱ ከእሱ መጀመሩ አይቀርም። በድሮ ቤት ዙሪያ በየዓመቱ አመድ ይደፋል፣ ጥራጊ ይጣላል፣ የአበባ መደብ ይሠራል፣ አፈር ይጨመራል። በ60 እና በ70 ዓመት ውስጥ መሬቱ ከፍ ብሎ የድንጋዩን መሠረት ይውጠዋል፤ ጭቃውና እንጨቱ በቀጥታ አፈር ይነካሉ። ሠሪዎቹ ድንጋዩን ያስቀደሙት እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ብለው ነበር። ስለዚህ ገዢው አካፋ ይዞ በአንድ ጥግ ድንጋዩ ከየት እንደሚጀምር ቆፍሮ ይይ። ድንጋዩ ተቀብሮ ከሆነ የመጀመሪያው ጥገና ቀለም አይደለም፣ ክዳንም አይደለም፤ አፈሩን ማንሳት ነው። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ከመሬት በላይ ይታይ። ከግድግዳው ጀምሮ ሁለት ሜትር ድረስ መሬቱ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይሂድ። ጽጌረዳው ሥሩ በአፈር እንደተጠቀለለ ተነስቶ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ይተከል።

ቁጥር 10፣ ማለትም የቁጥር 8 ጸሐፊ፣ ተቆጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በሲሚንቶ የተለሰኑ ስንትና ስንት ጭቃ ቤቶች ቆመው እያሉ ማስፈራራት ተገቢ አለመሆኑን ጻፈ። ቁጥር 11 አስታራቂ ሆኖ ገባ፤ ያስታረቀውም በዕውቀት ነው። የክዳኑ ጠርዝ 80 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከግድግዳው የወጣ፣ ሰፊ በረንዳ ያለውና መሠረቱ ከፍ ያለ ቤት ላይ ሲሚንቶው ውሃ ስለማያገኘው ረጅም ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጠርዙ አጭር የሆነ የኋላ ግድግዳ ግን ከመሬት የሚፈናጠረውን ጭምር እስከ ጉልበት ይጠጣል። ይህኛው ቤት በረንዳ የሌለው በኋላው ነው፤ ሲሚንቶውም ያለው እዚያው ነው። ቁጥር 10 ከዚያ በኋላ ስለ ልስን አልመለሰም።

ስለ ስንጥቅ የጻፈው ቁጥር 12 ነው። ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፤ መንቀሳቀሱን ያላቆመ ስንጥቅ ነው የሚያስፈራው። መለያው በጣም ርካሽ ነው፦ ጄሶ በውሃ አቡክቶ በስንጥቁ ላይ በአግድም የእጅ መዳፍ የሚያህል ማሰሪያ መለጠፍ፣ ሲደርቅ ቀኑን በእርሳስ ላዩ ላይ መጻፍ። ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ሦስት ቦታ ይለጠፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። በጭቃው ላይ ሳይሆን ጭቃው በቀጭኑ ተፍቆ በጸና ቦታ ላይ መለጠፍ አለበት፤ አለዚያ ቅርፊቱን ይዞ ይወድቅና ያሳስታል። በበጋ መጨረሻና ከክረምት በኋላ በመስከረም ይታይ። አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ቤቱም አብሮት ይነሳል ይወርዳል።

ይህ ወደ ባሕር ዛፉ ወሰዳቸው። ቁጥር 13 ሁሉም ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ጉቶው ይነቀል አለ። ቁጥር 14 በአክብሮት አረመው። በዋልካ መሬት ላይ ለብዙ ዓመታት ውሃ ሲስብ የኖረ ዛፍ ድንገት ሲቆረጥ፣ ደርቆ የነበረው አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በሮች መዘጋት ያቆማሉ፣ ወለሉ ይነሳል። ለግድግዳው የሚቀርቡት በሁለትና በሦስት በጋ ተከፋፍለው ይቆረጡ። ቀይ አፈር ከሆነ ግን ያን ያህል አያሰጋም። አንድ ሜትር ቆፍሮ ጭብጥ አፈር አርጥቦ በመዳፍ መካከል ማሽከርከር ነው፤ እንደ ክር ረዝሞ የማይበጠስ ከሆነ ሸክላው ብዙ ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ እንዳይመለስ የሚፈለገው ጉቶ ቅርፊቱ ከአፈር በታች ድረስ መላጥ አለበት።

ከ15 እስከ 17 ያሉት ወደ ጓሮው ሄዱ። ቁጥር 15 ኮሶው አበባ ያወጣ እንደሆነ ጠየቀና ወንዴና ሴቴ ዛፍ ለየብቻ መሆናቸውን፣ ቀላ ያለው የአበባ ዘለላ የሴቴዋ መሆኑን አስረዳ። ቁጥር 16 ስለ ኮሶ መድኃኒትነት ጻፈ፤ ቁጥር 17 ወዲያው መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት እንደሚያደርስ አስጠንቅቆ ርዕሱን ወደ ውርጭ መለሰው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ በጠራባቸው ሌሊቶች በዚያ ከፍታ ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚፈስ፣ በጓሮው ታችኛው ጫፍ ላይ እንሰትም ሆነ ድንች ባይተከል ይሻላል። የታችኛው አጥር ጥቅጥቅ ያለ የፈረንጅ ጥድ ከሆነ ቅዝቃዜውን ገድቦ ያስቀረዋል፤ ከሥሩ ማሳሳት ነው። ጌሾው ግን ባለበት ይቆይ።

ቁጥር 18 ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ቋፍ ላይ ሆኖ ስለ ጌሾ ታወራላችሁ ብሎ ቆጣ አለና ክሩን ወደ ሽያጩ መለሰው። ቁጣው በዛ፤ የጓሮው ነገር ከቤቱ የተለየ አይደለም። ግን ከቁጣው በኋላ የመጣችው ቁጥር 19 ሕግ የምታውቅ ሴት ናት፤ እሷ ባትጽፍ ኖሮ ጠያቂው ትልቅ ገደል ውስጥ ይገባ ነበር።

ከ1967 ጀምራ ነው የተነሳችው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። አንድ ቤተሰብ እንዲይዝ የተፈቀደለት አንድ መኖሪያ ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ቤት ያኔ ትርፍ ተብሎ ተወስዶ ወይም የቀበሌ ቤት ሆኖ ከነበረ፣ በሕጋዊ መንገድ የተመለሰበት ውሳኔ በማኅደሩ ውስጥ መኖር አለበት። በውስጡ ብዙ ዓመት መኖር የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ቀጥሎ ካርታው በሟች አያት ስም ከሆነ፦ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይቅረብ፣ በውስጡ የተጠቀሱት ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፣ ያገባ ሻጭ ቤቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይስማማ። ውጭ አገር ያለ ወራሽ በወኪል የሚፈርም ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ የሚል ልዩ ሥልጣን በግልጽ የያዘ ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም። ወካዩ ከሞተም ውክልናው ቀሪ ነው። ዕዳና እገዳ ማጣራት ደግሞ በውሉ ቀን ጠዋት እንጂ ከወር በፊት በተሠራ ወረቀት አይሆንም።

ቁጥር 20 እንደ ደላላ ይናገራል። ይህ ሁሉ ቤቱን ለሌላ ገዢ አሳልፎ መስጠት ነው፤ በሁለት ሽማግሌ ፊት የመንደር ውል ተጽፎ ቀብድ ይሰጥና ስም ማዛወሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል የሚል ነበር ሐሳቡ። ቁጥር 21 ላይ ሴትየዋ አልራራችለትም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ቢያፈርስ ዕጥፉን ይመልሳል፤ ይህ መከላከያ ግን የሚሠራው ሕጉ የሚያውቀው ውል ሲኖር ነው። ሌላውን ሰው ወደዚህ ጉድጓድ መግፋት ነውር መሆኑንም ጨመረች። ቁጥር 20 ከዚያ በኋላ አልታየም።

ቁጥር 22 ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ አስታወሰ። ስለዚህ ዓመታዊው ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ ከመፈራረም በፊት ከመሬት ቢሮው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የቴምብር ቀረጡንም ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። 1,800 የተባለውም በሜትር ይለካ። አጥሩ ከካርታው ወጥቶ ከሆነ ትርፉ ቦታ የሻጩ አይደለም፤ የመንገድ ማስፋፊያ መስመር በጓሮው የሚያልፍ ከሆነም ያው ነው። ቁጥር 23 ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መጠገን እንደማይቻል አሳሰበ።

ቁጥር 24 ያለ ማመንታት ይፍረስ ብሎ ጻፈ። ዋጋው የመሬቱ ነው፤ ጭቃው ተንዶ ባለ አንድ ፎቅ ይሠራበት። ሦስት ሰዎች ተረባርበው መለሱለት፤ ሁለቱ ስድብ ቀረሽ ናቸው፣ አልደግማቸውም። ከመልሶቹ የሚረባው ቁጥር 26 ነው። በዚህ መልኩ የተጠረበ አዲስ ጥድ ዛሬ በገበያ የለም፤ የጭቃው ግድግዳም በዚያ ደጋ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣል፣ ብሎኬት ግን ማታውኑ ይቀዘቅዛል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እንጦጦ ላይ ያለውን የምኒልክን ቤት ያየ ሰው ጭቃና እንጨት ክዳኑ እስካላፈሰሰ ድረስ ምን ያህል እንደሚጸና ያውቃል።

ቁጥር 28 ክዳኑን አነሳ። ቆርቆሮው የሚበላው ከመሃሉ ይልቅ በሚስማሩ ቀዳዳና በተደራረበበት መስመር ነው። እኩለ ቀን ላይ ጣራ ሥር ገብቶ በሩን መዝጋት፤ ኮከብ የመሰለ ብርሃን በገባበት ሁሉ ውሃም ይገባል። የሚለወጥ ከሆነ ባለ 28 ጌጅ ይገዛ፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቆርቆሮው ስለሚሳሳ 32ቱ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ክዳን አይሆንም። አሸንዳ ሳይሰቀል አንድ ክረምት እንዳያልፍ፤ የአሸንዳው ውሃም ከግድግዳው ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ይፍሰስ። ቁጥር 29 ስለ መብራት በአጭሩ ጻፈ፦ በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ሽቦ ካለ በአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ተጋድሞ መኖር የለበትም፣ ሁሉም ተነቅሎ በቱቦ ይግባ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 በእሳት ሲጎዳ አሮጌ የእንጨት ቤት እሳት ሲይዘው ምን እንደሚሆን አገር አይቷል።

ቁጥር 30 የጠያቂው ነው። ተመልሶ ሄዶ ነበር። ከ14ቱ ምሰሶዎች አራቱ ላይ ካቻቢቴው ገብቷል፤ አራቱም የጽጌረዳው መደብ ባለበት ጎን ናቸው። ቆፍሮ ድንጋዩን ያገኘው ከ35 ሳንቲ ሜትር አፈር በታች ነው። አፈሩ ቀይ ነው። ወራጆቹ በመጥረቢያ የተጠረቡ ናቸው። ሦስት ስንጥቆች ላይ ጄሶ ለጥፎ ቀኑን ጽፏል። ካርታው በሟች ስም ነው፣ ከአምስቱ ወራሾች አንዷ ውጭ አገር ናት፤ ቀብዱን አልሰጠም፣ ልዩ ውክልናው እስኪመጣ ይጠብቃል። የምሰሶ እግር እንዴት እንደሚለወጥና ደረቅ ጥድ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀ።

በቁጥር 31 ጋሼ መለሱ። ሁለት ጠንካራ ድጋፍ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ከአግዳሚው ሥር ይቁም፤ በአንዱ ሥር የመኪና ክሪክ ገብቶ ክብደቱ ከምሰሶው ላይ እስኪነሳ ብቻ ይጫን። ከዚያ በላይ ከተነሳ ክዳኑ ይከፈታል። የበሰበሰው ከጤነኛው እንጨት አንድ ስንዝር ጭምር ተጨምሮ በሰያፍ ይቆረጥ፤ የሰያፉ ርዝመት የምሰሶውን ውፍረት ሦስት ጊዜ ይሁን። አዲሱ እግር በዚያው ሰያፍ ተቆርጦ ይገጠምና በሁለት የወይራ ሽብልቅ ይያዝ፤ ሚስማር እርጥበት ስቦ ይዝጋል። ከሥሩ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጥርብ ድንጋይ ይቀመጥ። አቋሙ በቱምቢ፣ ማለትም በክር በተንጠለጠለ ክብደት ይታይ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካ።

ግድግዳው ከዚያ በኋላ ይመረጋል፦ ቀይ አፈር ከጣት በማይረዝም የጤፍ ጭድ ጋር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይቦካል፣ በየሁለት ቀኑ በእግር ይረገጣል። አሸዋው ምን ያህል እንደሚገባ በግምት አይሆንም። በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሦስት ቦታ የአሸዋውን መጠን እየለዋወጡ ለጥፎ፣ ሳምንት ቆይቶ ያልተሰነጠቀውን መምረጥ ነው። አሮጌው ጭቃ በውሃ ሳይርስ አዲሱ አይይዝም። መጨረሻ ላይ በተነፋ አፈርና በእበት ስስ ሽፋን፣ ሲደርቅ ደግሞ ኖራ። ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ከሆነ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ኖራው አይደፋም፤ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ እንደ ወተት ቀጥኖ አራት ወይም አምስት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ይረግፋል።

ስለ ጥዱ ደግሞ አዲስ የተቆረጠ እንዳይፈለግ አሳሰቡ። ቆሞ ያለ የአገር ጥድ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ እርጥብ እንጨትም ተገጥሞ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሽብልቁም ይላላል። ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ ጥድ እንጨት መሸጫዎች ጋ ይገኛል። ገዢው ማግኔት ይዞ ይሂድ፤ ውስጡ የተረሳ ሚስማር ካለ መጋዙን ይሰብራል።